ያልተወሰደ

ከወፍጮ ቤቱ ሥር፣ ሸዋ በር መውረጃ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ የዳንቴል መሸጃ።
ጉሙ ከጦሳ ላይ ወርዶ በር ሲመታ፣
አምፖል አበራለሁ፣ በፀሐይዋ ፈንታ።

ነጩ ክር በወተት ጣሳ፣ ቀዩ በሻይ ቆርቆሮ፣
አረንጓዴው በጫማ ካርቶን፣ ክዳኑ በገመድ ታስሮ፣
ኪሮሹ እንደየቁጥሩ ሚስማር ላይ ተደርድሮ፤
እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም፤ ልንገራችሁ የድሮ ኑሮ።

ያኔ፣
የእትዬ ጦይባን የአልጋ ልብስ ለሌላ ሰው ሸጫለሁ፣
ለመንታ ልጆች እናት ሦስት ካልሲ ሰጥቻለሁ፣
ቀብድ የጻፍኩበትን ወረቀት
በርበሬ ቋጥሬበታለሁ።
ገንዘቤ ጉያዬ፣ ሂሳቤ ራሴ ውስጥ፣
አንዱ ላብ ሲጠጣ፣ አንዱ ሌሊት ሲያምጥ።

ያስተማረኝ ጋሽ ሙሄ ነው፣
ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ የክር መጋዘን የጠበቀ፣
ሠላሳ ዓመት ጥቅል ቆጥሮ
አንዲት ዘለላ ያልሰረቀ።
አንድ ጠዋት መጣ፤ የተከመረውን አየ፤ አንድም ነገር አልነቀፈ፤
ከጆሮው ላይ እርሳስ አውርዶ ግድግዳዬ ላይ ጻፈ፦
«ከገባው የወጣው ሲቀነስ፣ የቀረው አንቺ ነሽ።»
አልገባኝም። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ።
ደብተሩን የገዛሁት ነው፣ በሱ ነገር እንቅልፍ ሳጣ።

አምስት ቤት አሰመርኩለት፦
ስም። ሥራ። ቀብድ። ቀን። ተወሰደ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ክሬን እቆጥራለሁ፣
ሐሙስ የባለዕዳ ደጅ አንኳኳለሁ፣
ዓርብ ከሰላት በፊት ጣሳ እወለውላለሁ።
ለልጄ ለነኢማ ብር እንኳ ስሰጣት
«ወጪ፣ ለነኢማ፣ ሃያ» ብዬ እጽፍባታለሁ፤
ትስቃለች። ትሳቅ።

ሰው ይላል፦ «እጅሽ ይባረክ፣ ዳንቴልሽ እንደ ጤዛ!»
አሜን። እጄማ ድሮም እጅ ነበር፤
ያቆመኝ ማስመሪያው ነው፣ በአሥር ብር የተገዛ።

ግን አንድ መስመር አለ።
ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ከታች ሁለተኛው።
ስም፦ ሽታዬ አረጋ፣ ከሆጤ።
ሥራ፦ የሕፃን ሹራብ፣ ቢጫ፣ ከነኮፍያው።
ቀብድ፦ መቶ ሃምሳ።
ቀን፦ ጥቅምት ሃያ ስምንት።
ተወሰደ፦

ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ነበር የመጣችው፤
«ወንድም ይሁን ሴት አላውቅም፣ ቢጫ ይሁን» ያለችው።
ጥቅምት ሃያ ስምንት ሳይደርስ፣
ከተማው ፍራሹን ተሸክሞ በእግሩ ወጣ።
እኔም ወጣሁ፣ ኪሮሽ በኪሴ፣ ደብተሩ ደረቴ ላይ፣
አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ በፌስታል።
ደብረ ብርሃን፣ ትምህርት ቤት ወለል ላይ፣ በሰው ባትሪ ብርሃን፣
ጨረስኩት።
በቀኑ።

ስመለስ በሬ ተገንጥሏል። ጣሳዎቼ የሉም።
ክሩ ጭቃ ውስጥ፣ ነጩ ከቀዩ ጋር፣
ማን የማን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ትልቅ ቋጠሮ።
አሥራ አንድ ቀን ተቀምጬ ፈታሁት።
ጋሽ ሙሄ ጫፍ ይዞልኝ ነበር፤ «አብሽሪ» ይላል፣
ጫፉ ይበጠሳል፣ «አብሽሪ» ይላል።
ያኔ ገባኝ ግድግዳው ላይ የጻፈው።

ሽታዬ ግን አልመጣችም።
ሆጤ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል።
ጋሽ ሙሄ «ሰርዢውና ሂሳቡን ዝጊ» አለኝ፤
በመጋዘን ሕግ ልክ ነው። አልሰረዝኩም።

በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ ሹራቡን አወርዳለሁ፣
ጫፉን እፈታለሁ፣
እጅጌውን ሁለት ጣት፣ ወገቡን ሦስት ጣት አረዝማለሁ፣
አጥፌ እመልሳለሁ።
ከዚያ ደብተሩን እከፍታለሁ፤ ሥርዓት ሥርዓት ነውና፦

ወጪ፦ ክር፣ ቢጫ፣ ግማሽ ጥቅል።
ምክንያት፦ ልጅ ያድጋል።